የሚቆረጠው በማን ነው?

ጋሽ ሀንዲሶ መሞቱን የሰማሁት ብሩን በመቀነቴ ቋጥሬ ወደ እሱ እየሄድኩ ነው። ከሙዱላ በማለዳ ተነስቼ፣ ዱራሜ ላይ መኪና ቀይሬ፣ አንጋጫን ገና እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። ማርታ ናት። ማርታ የእህቱ ልጅ ናት፤ እሱ ነው ያሳደጋት።

«እማማ አዳነች፣ የት ደረሱ?»

«አንጋጫን አለፍኩ። ለአጎትሽ ንገሪው፤ ብሩን በእጄ ይዣለሁ፣ ዛሬ አይቆጣኝም።»

ከኋላዋ ሰው ሲዘምር ይሰማኛል። በዚያ ሰዓት፣ በሥራ ቀን፣ በሰው ቤት መዝሙር ምን ይሠራል?

«እማማ፣ ቀስ ብለው ይምጡ» አለችኝ።

ቀስ ብለሽ ነይ የሚባል ሰው ለምን እንደሚባል በዚህ ዕድሜዬ አይጠፋኝም። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጎመን ጭና ነበር፤ ጎመኑ ጉልበቴ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ሆሳዕና ድረስ አረጠበኝ። እጄ መቀነቴ ላይ ነበር። ቋጠሮውን ይዤ ነው የደረስኩት።

እንግዲህ ይህን ሰው ላስታውሰው። ከየት እንደምጀምር ግን እንጃ።

እኔ አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቴ ቦርሳዬ ነው። ወንዱ ልጄ ሆሳዕና ነው፣ ትልቋ ዱራሜ፣ ትንሿ ሙዱላ። አንዷ ጋ ስሆን ሌላዋ ትናፍቀኛለች፤ ስለዚህ እዞራለሁ። የጋሽ ሀንዲሶ ቤት ከሆሳዕናው ልጄ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። እኔ ከዙረቴ ስመለስ ከልጄ ሚስት ቀድሞ መምጣቴን የሚያውቀው እሱ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ይጣራል፤

«እህት አዳነች! ማን ወለደ? ማን ሞተ? ማን ሸጠ?»

በዚሁ ተራ ነው የሚጠይቀኝ። መሸጥን ከመወለድና ከመሞት ጋር የሚቆጥር ሌላ ሰው አላውቅም።

አናጢ ነበር። ያውም ምስማር የማይወድ አናጢ። ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ፣ ቸርች ሲሄድ እንኳ የሚሰካ። ስብከቱ ሲረዝም የፊቱን አግዳሚ ወንበር በዓይኑ ይለካል። አንድ እሁድ ስንወጣ «ይህን አግዳሚ የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር» አለኝ። «ስብከቱስ እንዴት ነበር?» ስለው፣ «እሱ አልቸኮለም» አለኝ። አንድ ነገር ስትጠይቀው ቶሎ አይመልስም። በጣቱ አንጓ አጠገቡ ያለውን እንጨት ሁለቴ ያንኳኳና ነው የሚናገረው። እንጨት ካጣ ጉልበቱን ያንኳኳል። እሱ አፉን የፈታው በሀዲይኛ ነው፣ እኔ በከምባትኛ፤ የምንገናኘው በአማርኛ ነው። እሱ በኔ ይስቃል፣ እኔ በሱ።

አንድ ልጅ ነበረው፤ ተመስገን ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በኛ ሰፈር በዚያ መንገድ ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ተመስገን ደህና ልጅ ነበር፤ አልረሳም። በየወሩ ብር ይልካል። መልእክቱ ሲገባ የጋሽ ሀንዲሶ ስልክ ጢው ይላል፤ እኛም በአጥሩ ማዶ እንሰማለን። በዚያ ብር ፍሪጅ ገባ፣ ሶፋ ገባ፣ ቴሌቪዥን ገባ። ሚስቱ ስትታመም ብር መጣ። ስትሞት ለቀብሯ ብር መጣ። ልጁ ግን አልመጣም፤ ወረቀት የለውም፣ ከወጣ መመለሻ የለውም አሉ። በቀብሩ ማግስት፣ ድንኳኑ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጢው አለ። አንስቶ አየው፤ አንብቦም ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ተመስገን ነው?» አልኩት።

«ብሩ ነው» አለኝ።

ከዚያ ብሩ ሁለት ዓመት ያህል ሲላክ ቆየና ቀረ። ቁጥሩም አይሠራም። አንዱ ሱቁን ዘረፉበት ይላል፣ አንዱ ከተማ ቀይሯል ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ይላል፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ጋሽ ሀንዲሶ ሁሉንም ይሰማል። አንኳኩቶም አይመልስላቸውም።

እጁ ደግሞ እያበጠ መጋዝ አልይዝ አለው። ያን ጊዜ ነው ዕቃውን መሸጥ የጀመረው። ሰፈራችን ያስታወሰውም፣ ያማውም ያን ጊዜ በያዘው ጠባይ ነው።

አሁን ያገለገለ ዕቃ እንዴት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። ማርታ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትለቃለች፤ ሰው ከየከተማው ይደውላል። ዋጋ በስልክ፣ ብር በስልክ። ብር በስልክ ሲላክ ደግሞ ትንሽ ይቆረጣል፤ ጠቡ የሚመጣው በዚያች በትንሿ ነው። ገዢው «ሻጩ ይቻል፤ ከዋጋው ቀንሼ ልላክ» ይላል። ሻጩ «የምትልከው አንተ አይደለህ?» ይላል። ስንት ሺህ ብር ያለ ክርክር የተስማሙ ሰዎች በዚያች ይኳረፋሉ። ጋሽ ሀንዲሶም በዚያች የታወቀ ሆነ።

የመጀመሪያው ፍሪጁ ነበር። የዳምቦያ አስተማሪ ደወለች። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አያደርግም፤ እንደ መስታወት ፊቱ ላይ ይዞ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ሁላችንም ሰማን።

«ጋሼ፣ ብሩን አሁኑኑ ልላክልዎት። የሚቆረጠውን ግን እርስዎ ይቻሉ።»

«ለምን እችላለሁ?»

«ሻጭ አይደሉ እንዴ? እኛ ጋ ሻጭ ነው የሚችለው።»

በሩን ሁለቴ አንኳኳ። «ልጄ፣ ፍሪጁ እዚህ ነው። እኔም እዚሁ ነኝ። በስልክ እንላላክ ያልኩሽ እኔ ነኝ?»

«አይደሉም።»

«እንግዲያው መንገዱን የመረጠ ይክፈል። በእግርሽ ከመጣሽ ማንም አይቆርጥብሽም።»

«ኧረ ጋሼ! የሁለት ሻይ ዋጋ ነው እኮ! ለትራንስፖርት የማወጣው አይበልጥም?»

«የሁለት ሻይ ከሆነማ ምን ያጨቃጭቀናል? ነይ፣ ሻዩን እዚሁ ትጠጫለሽ።»

በንዴት መጣች። ፊቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ለሁለት ሻይ ብላ ከዳምቦያ የመጣች ሴት። ጋሽ ሀንዲሶ አስቀመጣት። ማርታ ቡላ በቅቤ ሠርታ አቀረበች። ከዚያ ፍሪጁን ሰካላትና የልጅ ጠባይ እንደሚናገር ሰው የፍሪጁን ጠባይ ነገራት፤ በሩ ሲዘጋ በጉልበት ገፋ ማድረግ ይፈልጋል፣ ከላይ ያለው መደርደሪያ አንዴ ተሰብሮ እሱ ጠግኖታል፣ መብራት ሲጠፋ ነቅለሽ ጠብቂ። ማን ይነግርሻል ይህን በስልክ? ብሩን ስትከፍለው ደግሞ ከዋጋው ቀነሰላት፤ የመጣችበትንም የምትመለስበትንም ያህል። እኔ እዚያው ነበርኩ። ስትሄድ ያቺ ተናዳጅ «አባባ» ብላ ጉልበቱን ስማ ነው የሄደችው። በየበዓሉም ትደውልለት ነበር።

ሰፈሩ ግን የሚያወራው ቡላውን አይደለም። «ጋሽ ሀንዲሶ ለሁለት ሻይ ሰው ከዳምቦያ አስመጣ» ነው። ባለሱቁ ሸምሱ፣ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ፣ ሶፋውን ሲገዛ ይህን እያወቀ ሊያሾፍበት መጣ።

«ጋሼ፣ አሁን ማን ካሽ ይዞ ይዞራል? በስልክ ልልቀቅልህ። የሚቆረጠውን እኩል እንካፈል።»

«ከመንገዱ ማዶ ሆነህ?»

«አዎ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንተ።»

«እንግዲያው ግማሽ መንገድ ድረስ መጥተህ ቁም፤ እኔም ግማሽ እመጣለሁ። አስፋልቱ መሀል ባጃጅ ሲገጨን ቀሪውን እንነጋገራለን።»

ሸምሱ እየሳቀ ባንክ ሄዶ ተሰልፎ ብሩን አውጥቶ መጣ። «ስስታም!» እያለው ቆጠረለት። ሁለቱም ይስቃሉ።

ስስታም አልነበረም። ቴሌቪዥኑን የሸጠ ጊዜ ሳንባውን ታሞ ክሊኒክ ተኝቶ ነበር፤ ገዢውን «በስልክ ላክልኝ» ያለው እሱ ራሱ ነው። ከተኛበት ሲወጣ፣ ገና ቆሞ መሄድ ሲያቅተው፣ የተቆረጠችውን ሳንቲም ሳትቀር ይዞ በከዘራ እስከ ሰውየው ቤት ሄደ። ሰውየው ደነገጠ። «ጋሼ ለዚህ ብለው ነው?» ሲለው፣ «መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለው። ይህን ደግሞ ማንም አያወራም።

አንድ ቀን ተቆጣሁት። «ሰውን ታንከራትታለህ። ይህ ስልክ ምን አደረገህ?» አልኩት።

አንኳኳ።

«ምንም አላደረገኝም። የሚያመጣውን አምጥቷል። እኔ የምጠብቀው የማያመጣውን ነው።»



አልጋው የመጨረሻው ዕቃ ነበር። ልጁ ብር መላክ ሳያቆም፣ «መጥቼ አገባለሁ» ያለ ጊዜ የሠራው የዋንዛ አልጋ ነው። አንድ ምስማር የለበትም፤ ሁሉም በእንጨት ሽብልቅ የተያያዘ። ራስጌው ላይ ጌጥ አልቀረጸም፤ «ማስዋቡ የባለቤቶቹ ነው» ብሎ ባዶ ተወው። በውስጠኛው ክፍል አንሶላ ለብሶ ይቆማል፤ ማንም ተኝቶበት አያውቅም፣ ማርታም እንኳ መሬት ፍራሽ ላይ ነው የምትተኛው። እኔ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። የዱራሜዋ የልጅ ልጄ ሣራ ለሰርጓ አልጋ ትፈልጋለች፤ እንደዚያ ያለ አልጋ ደግሞ የትም አላየሁም። ግን እንዴት ይጠየቃል? ያን አልጋ ሽጥልኝ ማለት ልጅህ አይመጣም ማለት ነው። ይህን የምትል ምላስ የለኝም።

ራሱ ተናገረ። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ሳየው አገኘኝና፣ «የሣራ ሰርግ መቼ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

ገባና አንሶላውን ገለጠው። ራስጌውን ሁለቴ አንኳኳ። ሦስተኛ ጊዜም አንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ ሲያንኳኳ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ውሰጂላት። አልጋ ባዶውን ሲቆም ይጣመማል።»

እኔ አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም። ዋጋ ተነጋገርን። ብዙ አላለኝም፤ እኔም ቀንስ አላልኩም። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ቃሉን እንዳለ ነው የማስታውሰው።

«ብሩን በእጅሽ አምጪ። አብረን እንፈታዋለን። አፈታቱን ያወቀ ነው መልሶ የሚገጥመው፤ የማያውቅ አናጢ ካገኘው በመጋዝ ይለዋል። እኔ ፈትቼ ላሳይሽ፣ አንቺ ዱራሜ ላይ ታስገጥሚያቸዋለሽ።»

«እኔ አናጢ ልሆን?»

«ዓይንሽ ደክሟል እንጂ ልብሽ አልደከመም።»

በሳምንቱ ብሩን ላመጣለት ስል የሙዱላዋ ልጄ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት ተባለ። ሮጥኩ። ወለደች፤ ልጁ ትንሽ ነው፣ ጡት አይዝም፣ እሷም ትኩሳት ያዛት። አንድ ሳምንት ያልኩት ሦስት ሆነ። ሰርጉ እየቀረበ ነው። የልጄ ባል ደህና ሰው ነው፣ ግን ችኩል፤ «እማዬ፣ ብሩን በስልክ ይላኩለት፣ አልጋውን በአይሱዙ አስመጣዋለሁ። ምን አደከመዎት?» አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። ላክሁ። ተቆረጠ፤ በኔ። ኩራትም ተሰማኝ፤ ዛሬ እንኳ አይከራከረኝም ብዬ ደወልኩ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ብሩ ደረሰህ? የተቆረጠው በኔ ነው፤ መንገዱን መርጫለሁ!»

በስልኩ ውስጥ ሁለቴ ሲያንኳኳ ሰማሁ።

«ደርሷል» አለኝ። «አንቺስ?»

«እኔማ አራሷን ይዤ መውጣት አቃተኝ። አማቼ አይሱዙ ይልካል።»

«አይሱዙ አልጋ መፍታት ያውቃል?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ሕፃኑን አጥቤ ስጠቀልል ስልኬ ጢው አለ። ብሩ ሙሉውን ተመልሶ መጥቷል። ቀጥሎ ደግሞ መልእክት፤ ፊደል የለየሁት በመዝሙር መጽሐፍ ስለሆነ ቀስ እያልኩ አነበብኩት።

«ብርሽን መልሻለሁ። መንገዱን እኔ መርጫለሁ፤ የተቆረጠው በእኔ ነው። በእጅሽ አምጪ።»

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከፋኝ። ቃል ከተሰጠ በኋላ ብር መመለስ ምን ማለት ነው? ከአራስ ቤት እንዴት ወጥቼ ልምጣ? አማቼ ደግሞ እሳቱን ቆሰቆሰው፤ «የሚበልጥ ገዢ አግኝቷል እማዬ። ዋጋ ሊጨምር ነው፤ በእጅ አምጪ የሚለው ሰበብ ነው» አለኝ። እኔም ሳላምን አመንኩ። ወይ ደግሞ ልጁ ትዝ ብሎት አልጋውን ሳሳበት አልኩ። ብቻ አኮረፍኩ። በዚህ ዕድሜ ማኩረፍ! ሁለት ጊዜ ደወለ። በመጀመሪያው እጄ ሳሙና ነበር። በሁለተኛው ሳሙና አልነበረም። ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣ ስሙን እያየሁት ጮኾ ጮኾ ቆመ።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። ስምንት ቀን ሆነ። ሕፃኑ ጡት ያዘ፣ ልጄም ትኩሳቱ ለቀቃት። ማታ ስታጠባ አየችኝና፣ «እማ፣ ብሩን ስታዪው ነው የምትውይው። ሂጂና ስጪው፤ የምትጣዪም ከሆነ ፊት ለፊት ተጣዪ» አለችኝ። ብሩን አወጣሁ፣ በመቀነቴ ቋጠርኩ፣ ሄድኩ። የቀረውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ስደርስ ድንኳኑ ተጥሏል። ዕድርተኛው አግዳሚውን ደርድሯል፤ መዝሙሩ በሀዲይኛ ነው፣ ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ያው የኛው ነው። ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ ደጁ ላይ ቆሞ ውሃ ያድላል። የዳምቦያዋ አስተማሪም መጥታለች፤ ጥግ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ። ዙሪያውን አየሁ። ከገዢዎቹ ያልመጣ የለም። ሶፋውን የገዛ፣ ቴሌቪዥኑን የገዛ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛውን የገዛ። ሁሉም ቤቱን ያውቀዋል፤ አንዴ መጥቷላ። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ እንኳ አላስፈለገም። እኔ ብቻ፣ አጥር ለአጥር የኖርኩት፣ ላኪ ሳይለኝ በስልክ የላክሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ማርታ እጄን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችኝ። ደረቱ ነው አለችኝ፤ ያው ሳንባው ተመልሶበት፤ በሦስት ቀን ነው የሄደው።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ከለከሉኝ። አራስ ቤት ናት፣ አታስደንግጫት፣ ራሷ ትመጣለች አሉ።»

አልጋው እንደቆመ ነው። አንሶላው ታጥፎ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። አንድ የዱቄት ካርቶን ቁራጭም ራስጌው ላይ ተደግፏል፤ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ፊደሉ እንደ ጣት ትልልቅ ነው።

«እህት አዳነች፣ ዓይንሽ ስለደከመ በትልቁ ጻፍኩት።

አንድ፦ ርብራቡን አንሺ።

ሁለት፦ በራስጌው በቀኝ በኩል ያለውን ሽብልቅ ከታች ወደ ላይ ምቺው፤ በመዶሻ አይደለም፣ በእንጨት።

ሦስት፦ የግራውንም እንዲሁ።

አራት፦ ግርጌውን ሁለት ሰው ይያዝ።

አምስት፦ አምስተኛውን ስትመጪ አሳይሻለሁ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ከአምስት በታች ምንም የለም። ገልብጬም አየሁ።

«እማማ» አለች ማርታ፣ «እንዳይቀየሙ ልንገርዎት። ከወልቂጤ አንድ ነጋዴ መጥቶ በዚህ አልጋ ላይ እጥፍ ሊሰጣቸው ነበር። ሰው ያለው ነው ብለው መለሱት።»

«ታዲያ ብሬን ለምን መለሰብኝ?»

ማርታ አልጋው ጫፍ ላይ ልትቀመጥ አለችና ተወችው።

«የላኩት ብር የገባ ቀን ስልኩን አይተው ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበሉም። ምን ሆኑ አባባ ስላቸው፣ ‹ብር ልኮ የቀረ አንድ ይበቃኛል› አሉኝ።»

መቀነቴን ፈታሁ። ብሩን በማርታ እጅ ላይ ቆጠርኩት፤ እሷ አይቁጠሩ ትላለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። ከጨረስኩ በኋላ ሌላ አሥር ብር፣ ሌላም አሥር ብር አወጣሁ።

«ይኼስ?»

«ሲመልስልኝ የተቆረጠበት።»

«እማማ፣ እሱን ለማን እሰጠዋለሁ?»

እውነቷን ነው። የተቆረጠው እሷ ጋ አልደረሰም፣ እኔም ጋ የለም። ሁለቱን አሥር ብር እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። ስልኩ መስኮቱ ላይ ቻርጅ ተሰክቷል። አላጠፉትም። ተመስገን ቢደውል ብለው ይሆናል፤ አልጠየቅሁም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ፣ ሰርጉ ሊደርስ ሲል፣ ሁለት ወጣት አናጢዎች መጡ። እኔ ካርቶኑን ይዤ አነብላቸዋለሁ። አንድ ሠሩ፣ ሁለት ሠሩ፣ ሦስት ሠሩ፤ ሽብልቁ እንደተባለው በእንጨት ሲመታ ወጣ። አራት ላይ ግርጌውን ያዙት። ከዚያ ቆሙ። ወዲህ ገፉት፣ ወዲያ ሳቡት፤ ንቅንቅ የለም። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩት፤ አንዱ በባትሪ አበራ።

«እናቴ፣ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ሽብልቅ አለ፤ መግቢያው አይታየንም። እግሩ ጋ በመጋዝ እንበለውና ዱራሜ ላይ በብሎን ይያያዛል። አይታወቅም።»

«መልሳችሁ ግጠሙት» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ያወጣችሁትን ሽብልቅ። እንዳለ ይሄዳል።»

በበሩ አልወጣ አለ። የበሩን መቃን ነቅለው አወጡት፤ ስድስት ወንድ ተሸክሞት፣ ሸምሱ «በግራ! በግራ በሉት!» እያለ። የአይሱዙው ሹፌር ሲያየው ራሱን ያዘ።

«እናቴ፣ ተፈትቶ ቢሆን በሚኒባስ ጣራ በትንሽ ብር ይሄድ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሌላ ጭነት አልጭንበትም፤ መኪናውን ሙሉ ነው የሚከራዩት። ትርፍ ወጪ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነው የሚችለው? ሙሽራው ነው ወይስ የሙሽራዋ ወገን?»

«መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት፤ «እከፍላለሁ።»

«በስልክ ይልኩልኛል?»

«በእጄ ነው» አልኩትና መቀነቴን ፈታሁ። እነዚያን ሁለት አሥር ብሮችም ከሂሳቡ ላይ ጨመርኩለት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ሹፌሩ ጋቢና ይግቡ አለኝ፤ አልገባሁም። በርጩማ ሰጡኝ፣ ከኋላ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ፀሐይ አለ፣ ነፋስም አለ፣ ነጠላዬን አጥብቄ አሰርኩ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እኔ እዘላለሁ፤ አልጋው ግን ሲጥ አላለም።

አንጋጫ ስንደርስ ማርታ ደወለች።

«እማማ፣ የት ደረሱ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ራስጌውን በጣቴ አንጓ ሁለቴ አንኳኳሁት።